ሳይጠይቁ የካቡትን ያፈረሱት ግንበኛ፦ በአቶ ጉታ ገሜዳ ዕረፍት የተሰማን ሐዘን

የቀራንዮ መንደር ልማት ማኅበር መሥራች አባልና የግንባታ ሥራዎቹ ኃላፊ የነበሩት አቶ ጉታ ገሜዳ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 1983 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ማኅበራችን መሪር ሐዘኑን ለአባላቱና ለአካባቢው ነዋሪ ይገልጻል።

ከቀብር ተመልሰን በተቀመጥንበት ሁሉ የሚነሣው የእነዚያ እሑዶች ነገር ነው። በ1969 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም፣ በየእሑዱ ለጋራ ሥራ ስንወጣ አቶ ጉታ መዶሻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ከሁላችን ቀድመው ይደርሱ ነበር። ድንጋይ እየተቀባበልን በአማርኛም በኦሮምኛም እንዘፍን ነበር፤ ድምፃቸው ግን ለዘፈን አልታደለም።

በ1971 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውኃ ቦኖ ተሠራ። ኮሚቴው እንግዳ እንዲያየው ብሎ ቦታውን ከመንገዱ ዳር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ መረጠ፤ ድንጋዩን የካቡት አቶ ጉታ ናቸው። በጭብጨባ ተመረቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን የሚቀዳበት ሰው ጠፋ። አቶ ጉታ ምክንያቱን ለማወቅ ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ እሙ እንስራ ተቀብለው፣ ሞልተው፣ አዝለው ወጡ። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ጭቃው አንሸራቶ ጣላቸው፤ እንስራውም ተሰበረ።

ወይዘሮ እሙም፣ «ጋሼ ጉታ፣ እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ እዚሁ ወድቄያለሁ። ልጁም አልተረፈልኝም። ምነው ሳትሠሩት በጠየቃችሁን?» አሏቸው።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አቶ ጉታ ተነሥተው፣ «የካብኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ነው የካብኩት። ይፍረስና ላይኛው ሰፈር ይሠራ» አሉ። የተመረቀ ሥራ ይፍረስ ማለት በዚያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። የደገፋቸው ሰው አልተገኘም። ዝም ካሉት መካከል የዚህ መግለጫ አዘጋጆችም አለንበት፤ ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። በሦስተኛው ቀን በአሻጥር ተጠርጥረው ተወሰዱ።

በታሰሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ወይዘሮ እሙና ሃያ ስድስት የሰፈሩ ሴቶች ባዶ እንስራቸውን አዝለው ጉዳዩን ወደያዘው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። «ጥያቄው የእኛ ነው፤ ካሰራችሁ እኛን እሰሩ» ብለው ከበሩ አንነሣም አሉ። አቶ ጉታ በማግሥቱ ከስተው ተመለሱ። ቦኖው እንዲነሣ ተፈቅዶ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ራሳቸው የካቡትን ማፍረስ ሆነ።

በ1972 ዓ.ም. በዚያው ድንጋይ ላይኛው ሰፈር ላይ የተሠራው ቦኖ ዛሬም ያገለግላል። ጠባቂዎቹ ራሳቸው የሚቀዱበት ሴቶች ናቸው።

ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበሩ ተጠቃሚውን ቤት ለቤት ሳይጠይቅ መሠረት እንዳይቆፍር የወሰነው በአቶ ጉታ አሳሳቢነት ነው። በ1976 ዓ.ም. ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ላይ የተሠራው የእግረኛ ድልድይ ቦታ በዚህ መንገድ ተመረጠ።

በ1979 ዓ.ም. የጀመርነው የጋራ ጓሮ አትክልት ግን ከሽፏል። ለምን እንደከሸፈ በጽሑፍ ያቀረቡት፣ የራሳቸውንም ጥፋት ሳይደብቁ፣ እሳቸው ነበሩ።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጉዲቱ፣ ለልጃቸው ለብርቱካን፣ ከሞት ዜናቸው ጀምሮ ከድንኳኑ ላልተለዩት ለወይዘሮ እሙ፣ አብረዋቸው ድንጋይ ለተሸከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

አቶ ጉታ ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት በሕመማቸው ሊጠይቃቸው ለሄደው ኮሚቴ የተናገሩት ማኅበሩ ሊሠራው ስላቀደው አዲስ የልብስ ማጠቢያ ነበር፦ «ገንዳው ለአጫጭሮቹ ሴቶች ይደርስ እንደሆነ ጠይቃችኋል?» አልጠየቅንም ነበር። ከሰልስታቸው በኋላ ጠየቅን፤ አይደርስም አሉን። በንድፉ ላይ የገንዳው ከፍታ በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል።

የቀራንዮ መንደር ልማት ማኅበር
ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም.