ባንቺአየሁን በተገለበጠ ፈተና ለጣሉት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሽሙኤል
የዓይነ ስውራን ማሠልጠኛ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ
ፔታሕ ቲክቫ፣ እ.ኤ.አ. 1986

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር ደኅና ናቸው? እኛ ሻአሪያ ሰፈር ያለነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከንዴት በቀር ሌላ ሕመም የለብንም። እኔ ይርሳው፣ በጎንደር መምህር የነበርሁ፣ ዛሬ ሰጉላ ፋብሪካ የምሠራ፣ ይህን ደብዳቤ በማሠልጠኛው በር ላይ የለጠፍሁት፣ የቀድሞ ማመልከቻዎቼ በመሳቢያዎ ውስጥ ደኅና እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው ሰምቼ ልቀሰቅሳቸው ስላልደፈርሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማተሚያው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባለቤቴ ባንቺአየሁ ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ላይ ዓይኗ ታሞ የጠፋባት፣ እዚህ ደርሳ ዕብራይስጥን በጣቷ የተማረች ሴት ናት። ለስልክ ኦፕሬተርነት ፈተና ስትዘጋጅ፣ በኮምፒዩተር የተጻፈውን በብሬል ነጥብ የሚያትም መሣሪያ ለሰፈራችን መማሪያ ክፍል ላኩልን። ቴክኒሻንዎ ገመዱን ሰካ፤ ማተሚያውን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ከዲስኬት ጫነና «በሰደር»፣ ሁሉ ደኅና ነው፣ ብሎ ሄደ። ባንቺአየሁ የመጀመሪያውን ወረቀት ዳስሳ «ይርሳው፣ ይህ ደግሞ የማን አገር ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ዕብራይስጥ በቀለም ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በብሬል ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የእርስዎ ድራይቨር ይህን ስላላወቀ መስመሩን ሁሉ ገልብጦ፣ «ሻሎም»ን ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ አትሞታል። ሰላምታውን እንኳ በጀርባው አስተኝተው ስለ ላኩልን እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ጎረቤታችን ሞሼ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሥራው ነው። ጉዳችንን ሰምቶ ከሥራ መልስ እየመጣ አዲስ ድራይቨር ይጽፍልን ጀመር። እሱ ያትማል፣ እሷ ትዳስሳለች፤ «ሞሼ፣ እዚህ ላይ አንዲት ነጥብ ጠፍታለች» ስትለው ያርማል፣ ደግሞ ያትማል። በመጨረሻ አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችለት። ሞሼ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ከዚያ በኋላ አብረዋት የሚማሩት ሁሉ በዚያው ድራይቨር ተጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ይህ ደስታችን ሕገ ወጥ መሆኑን ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ፈተናው ሲቃረብ ቴክኒሻንዎ ተመልሶ የሞሼን ድራይቨር አጠፋ፤ የቀድሞውን ጫነ። ባንቺአየሁ «ወንድሜ፣ ይህኛው እኮ ይገለብጣል፤ እጅህን ስጠኝና ላሳይህ» ብትለው፣ «ያኛው ኢሹር የለውም» አላት፤ ፈቃድ የለውም ማለቱ ነው። የሚገለብጠው ግን ፈቃድ አለው፤ ማኅተምም፣ ፊርማም አለው።

ፈተናውም በዚያው ማተሚያ ተገልብጦ ታተመ። ባንቺአየሁ እጇን አንሥታ ተናገረች፤ ፈታኟ ብሬል አያነቡምና አላመኗትም። ከየመስመሩ ጫፍ ወደ ኋላ እየዳሰሰች፣ ፊደል በፊደል እየገጣጠመች መልስ ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀባት። እርስዎም በውጤቷ ላይ «ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም» ብለው ፈረሙበት። ቤቷ ገብታ ያለቀሰችው ስለ ወደቀች አይደለም፤ «እውነቱን ነግሬያቸው እንደ ውሸታም ቆጠሩኝ» ብላ ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ። የማታነበው እሷ አይደለችም፤ የማያነቡት እርስዎ ነዎት። የሞሼን ድራይቨር ይመልሱ፤ ፈተናውን ይድገሙላት፤ ያን ዓረፍተ ነገርም በገዛ እጅዎ ይሰርዙት።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ እንቅልፍዎን ግን ይንሳዎ እያልሁ፣ ከአክብሮት የተረፈኝን ሁሉ አሟጥጬ የምሰናበትዎ፣
ይርሳው፣ የባንቺአየሁ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልሱን ጠብቂ ብላት «አንተ ጻፍ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብላኛለች። እሑድ ጠዋት አብረዋት ከወደቁት ጋር ቢሮዎ ትመጣለች። ጸሐፊዎ «የሉም» እያሉ እርስዎ በጓሮ በር ለመውጣት ካሰቡ ጫማዎን ያውልቁ፤ የሚመጡብዎ ሰዎች ሰውን በኮቴው ይለያሉ።