የአባትሽ ፋኖስ

ነቀምት፣ ሚያዝያ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስሽ። ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? የአዲስ አበባ ብርድ ተስማማሽ ወይ? የነርስነቱ ትምህርት፣ ምግቡ፣ አብረውሽ የሚያድሩት ልጆች ጠባይስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጊደሯ ወልዳለች፤ በደብዳቤሽ ጠይቀሽ ነበርና ከሁሉ አስቀድሜ እሷን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የላክሽልኝ የራስ ምታት ኪኒን ደርሶኛል። ግማሹን ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺአረግ ሰጠኋት። ጥሩ ነው ትላለች፤ ግን በጤና አዳም ውሃ ነው የምትውጠው፣ ሁለቱ እንዲተጋገዙ። እኔማ ስቄባት ዞር ካለች በኋላ እንደዚያው አድርጌ ዋጥኩት።

ከተማችን ዘመናዊ ሆናለች ይሉኛል። ዘመናዊነት ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መግዛት ከሆነ እውነታቸውን ነው። ላስቲክ ማሰሮ ገዝቼ እሳት አጠገብ ብረሳው እንደ ሰም ቀልጦ ጠበቀኝ። አዲስ የመጣው ሳሙና ሽታው እንጂ አረፋው የለም። ከሁሉ የባሰብን ግን የፋኖሱ ነገር ነው።

አባትሽ ሲመሽ የስፌት መኪናው አጠገብ ፋኖስ አብርቶ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ከገና ወዲህ መብራቱ አነሰኝ እያለ ያማርራል። መጀመሪያ ክሩ ነው አለ፣ ክሩን ቀየርን። ቀጥሎ ላምባው ውሃ ተቀላቅሎበታል አለ፣ ከሌላ ሱቅ ገዛን። ከዚያ ፋኖሱን ራሱን ተሸክሞ ወደ ገብረወልድ ሱቅ ሄደ። ገብረወልድ ያው ለመስቀል አገሩ ጉራጌ ሲሄድ ሱቁን ለአባትሽ አደራ የሚለው ሰው ነው። ያለ ክርክር ለወጠለት። አባትሽ ሰንብቶ ያንንም መለሰው። የዘመኑ ዕቃ ሁሉ ማታለያ ነው እያለ ከገበያው እስከ ቤት ሲያጉረመርም ይመጣል።

ዓይኑን ማሸት ስለጀመረ እትዬ የሺአረግ ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ አድርጊለት አለችኝ፣ አደረግኩለት። ጠበልም አመጣችለት። እሱ እንደምታውቂው የወንጌል ሰው ነው፤ ግን ሴትዮዋን ላለማስቀየም «ውሃ አይጎዳም» ብሎ ታጠበበት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ሐኪሙ ፋኖስ ያክማል ወይ?» ይለኛል።

በቀደም ሳሙና ልገዛ ገብረወልድ ሱቅ ገባሁ። ሌላው ገበያተኛ እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እትዬ፣ አይቆጡኝ» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛ ሲመልስለት ፋኖሱን ወደ ጓዳ ይዞት ገብቶ፣ መስታወቱን ወልውሎ፣ ያንኑ ፋኖስ ሌላ ነው ብሎ ሰጥቶት ኖሯል። አባትሽም ከፍ አድርጎ አይቶ «ይሄኛው ይሻላል፣ ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖት ሄደ። ሰንብቶ ግን ተመልሶ መጣ። ገብረወልድ እሱን ፊት ለፊት ከምነግረው ዕድሜ ልኬን ፋኖስ ስቀበለው ብኖር ይሻለኛል አለኝ። እኔም የመጣሁበትን ሳሙና ረስቼው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የተሰፋውን ልብስ ሁሉ አየሁት። የመምህር ታፋን ሰማያዊ ኮት በጥቁር ክር ዘምዝሞታል። መምህሩ መጥቶ ለብሶት፣ አመስግኖ ሄደ። መርፌው ላይ ክር የማስገባለትም ከከረመ እኔ ነኝ። ሥራ ስለበዛበት ነው እያልን ሁለታችንም ተቻችለን ኖረናል።

ይህን ለእትዬ የሺአረግ ባጫውታት፣ ኮሶ በላይ በላዩ ሲጠጣ ወደ ዓይን ይወጣል አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ለሷ ዝም በይ ብልም ለራሴ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንቺ ደግሞ የየትኛው ኮሶ ወሬ እንደሆነ አታውቂም። አባትሽ አትንገሪያት ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ቃሉን ልተላለፍ ነው።

ባለፈው ክረምት የዲጋው ቀኛዝማች ሞረዳ ለልጁ ሊያጭሽ ሽማግሌ ልኮብን ነበር። አንቺ አክስትሽ ቤት ሆነሽ ለፈተና ታጠኚ ነበርና አልሰማሽም። አባትሽ ልጄ ትማራለች ብሎ ቆርጧል። ግን ቀኛዝማቹን እምቢ ብሎ በዚህ አገር ማን ይኖራል? ደጅ የቆመ ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌስ እንዴት ይመለሳል? አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ኮሶ የጠጣን ሰው ዳኛም ሽማግሌም አይጠራውም። ሊመጡ ነው የተባለ ቀን ጎህ ሲቀድ ይጠጣል፤ ሽማግሌዎቹ ከደጅ ሆነው ያሽርህ ብለውት ይመለሳሉ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይመጣሉ፤ ሰውነቱ ሳያገግም ደግሞ ይጠጣል። የኮሶ ትል የሌለበት ሰው ኮሶ ሲጠጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ጠጥቷል ብዬ ልመልሳቸው፣ አንተ ብቻ ተኛ ብዬ ለመንኩት። እሱ ግን ሐሰት አልናገርም፣ አንቺንም አላስዋሽም አለኝ። ኮሶውን ወቅጬ የበጠበጥኩለት እኔው ነኝ። ለአንቺ እንንገራት ስለው ደግሞ፣ ብትሰማ ለእኛ ፈርታ እሺ ትላለች፣ የኔን ልጅ አውቃታለሁ አለ።

የመጨረሻው ጊዜ ቀኛዝማቹ ሰለቸውና በዋዜማው የፈረንጅ የኮሶ ኪኒን ላከለት። ጠዋት ብትውጠው ለምሳ ሰው ትሆናለህ፣ ሽማግሌዎቼን ታነጋግራለህ የሚል መልእክት ነበረው። አየሽ ዘመናዊ ነገር እንዴት እንደሚመጣብን። አባትሽ አመስግኖ፣ የኔ ሆድ የሚያውቀው ኮሶን ነው ብሎ ኪኒኑን መለሰ። በነጋታው ኮሶውን እጥፍ አድርጌ እንድበጠብጥ አዘዘኝ፤ ቀለል ካለ እነሳ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ራሱን ከትራስ ማንሳት ሲያቅተው በዓይናቸው አይተው ሄዱ። አንቺ መሄድሽን ሲሰሙ ተመልሰው አልመጡም። የቀኛዝማቹ ልጅም በጥር ከኑኑ ቁምባ አገር አግብቷል፤ አሁን የምንፈራው የለም።

ያ ቀን አንቺ ከአክስትሽ ቤት ወጥተሽ አውቶቡስ የተሳፈርሽበት ቀን ነበር። አባትሽ ይመጣል ብለሽ በመስኮቱ አንገትሽን አውጥተሽ መንገዱን ስታዪ አልጠፋኝም። ኮሶ ጠጥቷል ስልሽ፣ ለዛሬ ቀን ነው ኮሶ ያማረው ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። እኔም አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ በደብዳቤሽ ጊደሯን ትጠይቂያለሽ፣ እትዬ የሺአረግን ትጠይቂያለሽ፣ አባትሽን ግን አንድ ቀን ጠይቀሽው አታውቂም። አልፈርድብሽም፤ ያላወቅሽውን ከየት ታመጪዋለሽ። ቤት ስገባም «ኢንተለን ኮ፣ ልጄ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ደኅና ሁን በይልኝ ብላለች አልኩት። ሐሰት የማይናገረውን ሰው የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ እዚያ ያሉትን ሐኪሞች ስለ ዓይን ጠይቂልኝ። ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ ብትመጪ የጠጣው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። ከሐኪሞቹ መልስ በፊት ግን የምለምንሽ ሌላ ነገር አለኝ። ደብዳቤሽ ከፖስታ ቤት ሲመጣ የሚያመጣው እሱ ነው። ፖስታውን ይዞ ደጃፍ ላይ ብርሃን ወዳለበት ይወጣል፣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ስሙን ይፈልጋል፣ ከዚያ «ያንቺ ነው» ብሎ ይሰጠኛል። ለእሱ ብቻ ጻፊለት። አንድ ቀን ብትጽፍልኝ ራሴ ነኝ የማነበው፣ ማንም አያነብልኝም ይላል። ስለዚህ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጊው፣ በጥቁር ቀለም፣ መስመሩንም አራርቂው። ረጅም ባይሆን ግድ የለም፤ ብቻ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ጻፊው።

ዋቀዮ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የተማርሽው ለወገን የሚተርፍ ይሁን፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።

እናትሽ