የሩሀማ “ሲ” የኔ “ሲ” ነው

ቀን፦ ሐምሌ 9/2006 ዓ.ም.

ለማስተርስ ትምህርት ማስተባበሪያ ጽ/ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ መምህር ልዑልቃል ለካፊኖኖ ቋንቋ ኮርስ የሰጡት ውጤት ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ ወደኔ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

አመልካች ነቢዩ ተድላ እባላለሁ። ቦንጋ ላይ ባጃጅ ስነዳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ፈጣኑ ማነው ብለው መናኸሪያ ቢጠይቁ የኔን ስም ነው የሚነግሩዎት። ትምህርቴ ሰባተኛ ላይ ቆሟል። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት አቤቱታ ጸሐፊዎች “ይሄ አይጻፍም፣ ራስህን ነው የምትከሰው” ስላሉኝ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

1. ወ/ሪት ሩሀማ ግዛቸው ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚህ ማስተርስ ትማራለች። ካፊኖኖ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ስወስዳትና ስመልሳት፣ መንገድ ለመንገድ፣ በስድስት ወር ገበያ ወጥታ ከባለማሯ እትዬ ብርቄ ጋር እስክትቀላለድ ድረስ። እንደኔ የሚያስተምር ካለ ይምጣ።

2. በመጨረሻ መምህሩ “ቀፎ የሚሰቅል ሽማግሌ ሲያወራ በሞባይል ቀድታችሁ ተርጉሙ” አሉ። የአጎቴ ብዬ ያመጣሁላትን ቅጂ ተርጉማ ሰጠች። እሳቸው በቀይ እስኪርቢቶ “ይህ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንጂ ዛፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቀፎ ሳይታጠን ይሰቀላል ይላል። ተማሪዋም አላጣራችም” ብለው “ሲ” ሰጧት። ከ“ቢ” በታች ካመጣች የላካት መሥሪያ ቤት ትምህርቷን ያቋርጠዋል፤ ትሄዳለች። ባጃጄ ውስጥ አለቀሰች። ደግሞ “አጎትህን እንዳትቆጣቸው፣ እድሜ ነው” አለችኝ። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

3. ስለዚህ መምህሩን ቀጣኋቸው። አልክድም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ባጃጅ አልጫናቸውም። እጃቸውን ሲያነሱ “ሞልቷል!” እያልን ባዶውን እናልፋቸዋለን። ጓደኛዬ አብዱ አንድ ቀን ቆመላቸውና ሊገቡ ሲሉ “ጋሼ፣ መጀመሪያ ይታጠኑ፤ ሳይታጠኑ አይሰቀሉም” ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ዳገቱን በዚህ ጭቃ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሲወጡ አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል።

4. ይህም አልበቃኝም። በሰው ፊት የሚያሳፍራቸው ምስክር ፈለግኩ። አጎቴ ጋሽ ቢሻው የሚኖሩት ቢታ ገነት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው። ደውዬ ቅጂውን አሰማኋቸው። ጨርሰው ሰሙና “ይሄ ሰውዬ ማነው? ሳያጥን ሰቅሎ ምን ማር ሊቆርጥ ነው? ንቡ እብድ ነው እንዴ?” አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

5. ሰውዬው እኔ ነኝ። ሥራው በተሰጣት ሳምንት የቢታ መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ መኪና አይወጣም ነበር። እኔ ደግሞ “ነገ የአጎቴ ድምፅ እጅሽ ይገባል” ብዬ ምዬላታለሁ። ነቢዩ ብሎ የቀረ ነገር የለም። ስልኳን ተቀብዬ፣ ጋቢ አፌ ላይ አድርጌ፣ እያሳልኩ ሽማግሌ ሆንኩ። ሳሉ ማንንም ያሳምናል። ንብ ግን አላውቅም፤ የከተማ ልጅ ነኝ። የሷ ጥፋት እኔን ማመኗ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

ሀ) “ሲ”ው ከሷ ስም ተነስቶ በኔ ስም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ ከዚያ የባሰ ተሸክሜያለሁ፣ አልሞትኩም።

ለ) ቅዳሜ ጋሽ ቢሻውን አስመጣለሁ። እሷ ራሷ ትቅዳቸው፣ እንደገናም ትታረም።

ሐ) መምህር ልዑልቃልም ቀይ እስኪርቢቷቸውን ይዘው እዚያው ይቀመጡ። ማር አገር ደካ ተወልጄ ስለ ንብ የማላውቀው የለም ይላሉ አሉ። አጎቴ አንድ የማያውቁትን ሲነግሯቸው ፊታቸውን ማየት እፈልጋለሁ። ይህችን አይከልክሉኝ።

ከተፈቀደልኝ የዚያኑ ቀን መምህሩን እስከ ቢሯቸው በር በነፃ አደርሳቸዋለሁ። ካልተፈቀደ ክረምቱ ገና ሐምሌ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ጽ/ቤቱ ለሩሀማ እንዳይነግራት። ዓርብ ጠዋት ስወስዳት እኔው እነግራታለሁ። ተናዳ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ከወጣችም ባዶ ባጃጄን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ።

ከአክብሮትና ገና ካልበረደ ሰላምታ ጋር

ነቢዩ ተድላ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለመምህር ልዑልቃል (በእግራቸው መጥተው እንዲወስዱ)