ስለ ክቡራን እንግዶች በርና ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤ በቢሮዎ ካልተገኙ ደግሞ በስብሰባ አዳራሽ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉንፋን እንዳይነካዎ፣ ሳል እንዳይደፍርዎ፣ ትኩሳትም በቢሮዎ ደጃፍ እንዳያልፍ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢያልፍም ጸሐፊዎ ቀጠሮ የሌለውን እንደማታስገባ ስለማውቅ ብዙ አልሰጋም። እኔ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ብየዳ ቤት ያለኝ፣ የሠፈሩ ሰው ብልጭታ እያለ የሚጠራኝ ሰው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ያሳሰበችኝ ዘጠነኛ ወሯን የያዘችው ሴት ልጄ ናት። እሷም ብትሆን ታማ አይደለም፤ ለእርግዝና ክትትል ወደ እርስዎ ሆስፒታል መምጣት ስላለባት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ይፈቀድልኝ። ሙያዎን ላስተምርዎ ማለቴ ግን አይደለም፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ተብሎ እንዲተረትብኝ አልፈልግም። እንደሚያውቁት፣ ባያውቁትም በስብሰባው ላይ እንደሚነገርዎ፣ በከተማችን ኩፍኝ ከገባ ሰንብቷል። ዓይናቸው የቀላ፣ ፊታቸው ሽፍ ያለ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ግቢዎ ሲገቡ ከሱቄ ደጅ ሆኜ አያለሁ። ልጄ በሕፃንነቷ የኩፍኝ ክትባት መውሰዷን ባለቤቴን ብጠይቃት አንድ ጊዜ ወስዳለች ትለኛለች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የወሰደው ታናሽ ወንድሟ ነው ትለኛለች። ስለዚህ ባለፈው ወር ልጄን ራሴ ይዤ መጣሁና አዋላጅ ነርሷን አማከርን። ነርሷ እግዜር ይስጣትና ክትባቱ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ ኩፍኝ በእርግዝና ላይ ከመጣ ያለ ጊዜው እንደሚያስወልድ፣ ሳንባ ላይ እንደሚወርድ፣ ጨቅላውንም እንደማይምር በደንብ አስረዳችን። እስክትወልጂ ድረስ ያለሽ መከላከያ ከታመመ ሰው መራቅ ብቻ ነው አለቻት።

ምክሩ ወርቅ ነው። የተሰጠን ግን ልጄ ጠዋቱን ሙሉ በእርስዎ መጠበቂያ አዳራሽ፣ ኩፍኝ ከያዘው ሕፃን ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥማ ከተቀመጠች በኋላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቷ ግንባሯን ስትዳስስ፣ እኔ ሰበብ እየፈለግሁ ፊቷን ሳይ፣ እሷ ደግሞ አባዬ ምን ታፈጥብኛለህ እያለች ስትቆጣኝ ከረምን። ተርፋለች። አሁን ግን ሌላ ቀጠሮ ደርሶባታል፣ ከቀጠሮውም ኋላ ምጡ አለ። እኔም፣ ዕድሜ ልኬን ከእሳት ጋር ስጫወት የኖርኩ ሰው፣ ያንን አዳራሽ እፈራዋለሁ። ይህን የምጽፍልዎትም ስለምፈራ ነው።

እንግዲህ ቅሬታ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አግዳሚው ወንበር ከልብ አመሰግናለሁ። ሆስፒታልዎ አንድ በር፣ አንድ የካርድ መስኮት፣ አንድ አዳራሽና አንድ ረጅም አግዳሚ ብቻ ይዞ፣ እግሩ የተሰበረውን፣ የሚያስለውን፣ ሽፍታ የወጣበትንና ነፍሰ ጡሯን ያለ አድልዎ አንድ ላይ ማስቀመጡ የእኩልነት ምሳሌ ነው። አግዳሚውን የበየድኩት እኔ ስለሆንኩ ለስድስት ሰው እንደተሠራ አውቃለሁ፤ ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት ስመለከት ግን በገዛ ሥራዬ እኮራለሁ። ከአግዳሚው በላይ ነፍሰ ጡር እናቶች ከታመሙ ሰዎች ይራቁ የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ፊደሉ እጅግ ከማነሱ የተነሣ ለማንበብ የግድ ከታመሙት መካከል መቀመጥ ያስፈልጋል። የታመመ ልጇን ይዛ የመጣችው እናት ጥፋት እንደሌለባት ደግሞ ይታወቅልኝ። እሷም እንደ እኛው ሌላ የምትገባበት በር የላትም፤ ልጄን ስታይም አፍራ ሕፃኑን ወደ ግድግዳው አዙራ ይዛ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቶቹ። ነፋስ የካርድ ክፍሉን ወረቀቶች እየበተነ አስቸገረ ተብሎ የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ ተበይደው እንዲዘጉ መወሰንዎን ሰምቻለሁ፤ የሰማሁትም ብየድ ተብዬ ተጠርቼ ስለነበር ነው። እኔ አልበይድም ብል ሌላ በያጅ መጥቶ፣ አየር የሚባል ነገር እንዳይዘልቅ አድርጎ ዘግቶልዎታል፤ ብየዳው ሸካራ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ነርሷ ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል፣ የታመመው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል ብላናለች። ቢሆንም ወረቀቶቹ ደህና ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሽፍታ የወጣበት ካርድ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሐሳብ መስጫ ሣጥኑ። በዚያች ሣጥን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐሳብ ከትቼ፣ ሦስት ጊዜም ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባልብኝ፣ ደግ ነገር አይቸኮልም ብዬ ነበር። በኋላ የሣጥኗ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ሰብሬ እንድከፍት ተጠራሁ። ስከፍት የራሴን ሦስት ወረቀቶች፣ አንድ የከረሜላ ልጣጭና ከቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ዘመን የተጻፈ አንድ የምስጋና ቃል አገኘሁ። ሐሳቤን በራሴ እጅ መልሼ በመቀበሌ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል። ወዲያው አዲስ መቆለፊያ እንድሠራላት ታዘዝኩና ሠራሁላት።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ቢረሱት እንኳ ይህቺን አይርሱብኝ። በሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከእኔ ሱቅ ትይዩ፣ ሌላ በር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ከላይ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ ግቢው በሙሉ ሲጠረግ፣ ቀለም የደረሰው ለማዋለጃ ክፍሉ ብቻ ስለነበር እንግዶቹ በቀጥታ ወደዚያ እንዲገቡና ሌላውን እንዳያዩ ታስቦ የተሠራ በር ነው። ክፈፉን፣ መዝጊያውንና መቆለፊያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ለክቡራን እንግዶች ብቻ የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ፣ ውስጡ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ አንድ የጥበቃ ሠራተኛም በዚያ በር ለሚገባ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ እንዲሰጥ የጽሑፍ ትእዛዝ ተሰጠው። እንግዶቹ መጡ፤ ሾፌራቸው ግን ጀርባውን ስላላወቀው በዋናው በር አስገባቸው፣ አዳራሹን አይተው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በክቡራኑ በር ከአንዲት ድመት በስተቀር ያለፈ የለም፤ እሷም በሥሩ ባለው ክፍተት ነው። ጥበቃው ግን ዛሬም ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ይጠብቃል።

ክቡር ሆይ፣ ያ በር ነፍሰ ጡሮችን ከማንም ጋር ሳያገናኝ በቀጥታ ማዋለጃው ደጃፍ ያደርሳል። አዲስ ቤት መሥራት አያሻም፣ አዲስ ሰው መቅጠርም አያሻም፤ አንድ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። አዋላጅ ነርሷ ወረርሽኙ እስኪያልፍ እንኳ ነፍሰ ጡሮች በዚያ ይግቡ ብላ በስብሰባ ላይ ብትጠይቅ፣ ምንጣፉ ይቆሽሻል የሚል መልስ ተሰጣት፤ ቁልፉም በእርስዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እንሰማ ነበር፤ እርስዎ ቅጠሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል።

እስካሁን እንደ ቀልድ ጻፍኩ፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁምልኝ። ከሱቄ ጎን ዳቦ ቤት አለ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ምራት ኩፍኙ እንደገባ ሰሞን ለክትትል መጥታ በዚያው አግዳሚ ተቀምጣ ነበር። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ያዛት፣ ሽፍታው ወጣ፣ ልጁም ያለ ወሩ መጣ። ወንድ ነበር። ስም ሳይወጣለት ቀበርነው፤ ሣጥኑ ትንሽ ስለነበር አባቱ ብቻውን ይዞት ሄደ። ከወንበሩ ነው ብዬ አልምልም፣ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታው ገበያም፣ ታክሲም ውስጥ ሊይዛት ይችል ነበር። የማውቀው እኛ ራቂ ያልናትን ሰው እዚያው በሽታው መካከል ማስቀመጣችንን ነው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አሁንም በጠዋት ዳቦ ትሸጥልኛለች፤ ልጄ በዚያ ስታልፍ ግን ሆዷን እያየች ትተክዛለች፣ ከዚያም ዕቃ እንደጠፋት ሰው ወደ ጓዳ ትገባለች። ይህን ካየሁ በኋላ ዝም ብል እኔም የሰው አባት አይደለሁም።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ሰሞኑ ጉዞዎ ነው። ስለ ተላላፊ በሽታ መከላከል ለመወያየት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሐይቅ ዳሩ ሆቴል መሄድዎን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እኛ ወረርሽኙን እዚህ ይዘንልዎ እንቆያለን፣ እርስዎ ተረጋግተው ይወያዩበት። አየሩም ነፋሻ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብዎ ግን ልብስ ደረብ ያድርጉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክቡራኑ በር ለነፍሰ ጡሮችና አራስ ይዘው ለሚወጡ እናቶች ይከፈት። ምንጣፉን ከፈሩለት ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ እኛ በሲሚንቶ ላይ ለመሄድ ቅር አይለንም። የአዳራሹን መስኮቶች ደግሞ እኔ ራሴ መጥቼ ብየዳውን እቆርጥልዎታለሁ፤ ለወረቀቶቹ ድንጋይ ይጫንባቸው።

ለሚሰጡኝም ሆነ ለማይሰጡኝ መልስ በቅድሚያ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ሥልጣን እንዲያበዛልዎ፣ ከተቻለም ለአንዲት ጠዋት በአግዳሚው ላይ ተራ እንዲጠብቁ ጊዜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም የሆስፒታሉ ታማኝ በያጅ፣ የነፍሰ ጡር አባት፣ አክባሪዎ ነኝ።

ብልጭታ
ግልባጭ፦ በዋናው በር ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሰሌዳው ላይ የምለጥፍበት ሙጫ ፍለጋ ሱቄ ስገባ እዚያው ተቀምጣ የነበረችውን ልጄን ምጥ ያዛት። ሮጬ በዋናው በር ብቅ ብዬ አዳራሹን ባይ አግዳሚው ሞልቶ ሕፃናቱ ወለል ላይ ተኝተዋል። የክቡራኑ በር ቁልፍ በመሳቢያው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ሐይቅ ዳር መሆኑ ትዝ አለኝ። ምናልባት ያልተነገረዎት ነገር ቢኖር፣ ያንን መቆለፊያ ስሠራ እንደ ልማዴ ሁለት ቁልፍ አውጥቼለት ነበር። የንብረት ክፍልዎ ሠራተኛ ለአንድ በር ከአንድ ቁልፍ በላይ ገቢ አላደርግም ብለው ሁለተኛውን በእጄ መልሰውልኛል፤ እኔም በአደራ አስቀምጬው ኖሬያለሁ።

ከፈትኩት። ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ፣ ጽሑፉን አየ፣ ሆዷን ይዛ ያጎነበሰችውን ልጄን አየ፣ ከዚያም በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠና እኔ ካልያዝኩት ክንዷ በኩል ደገፋት። ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሕፃኗም ድምፅዋ ከብረት መፍጫ ማሽኔ ይበልጣል። ምንጣፉ እርስዎ እንደፈሩት በእርግጥ ቆሽሿል።

በደስታ ብዛት በሩን መቆለፍ ረስቼ ወጣሁ፤ እስካሁንም ትዝ አላለኝም። ነፍሰ ጡሮቹ ሁሉ አሁን በዚያ ይገባሉ፤ ትናንት የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ምራት ራሷ ለምርመራ በዚያ ገብታ ሰላምታ ተቀብላለች። ትእዛዝዎን ስላከበረ ጥበቃውን እንደማይቀጡት እርግጠኛ ነኝ። እርስዎም ከስብሰባው ሲመለሱ ሳል ቢጤ ይዞዎት ከሆነ፣ እባክዎን በዋናው በር በኩል ይግቡ፤ ነፍሰ ጡሮቹ ስለለቀቁ በአግዳሚው ላይ ቦታ አለልዎ።