ቆሞ የሚሮጠው ሊፍት

አንተ ሰነፍ፣ ደህና ሰነበትክ? ፖስትካርዷ ጠባብ ናት፤ የዛሬውን ጉድ ብቻ ልንገርህ።

ያረፍኩበት ሆቴል ሊፍት ሲነሳ ነጠቅ፣ ሲቆም ገጭ ስለሚል፣ ቴክኒሻኑ የክብሪት ቀፎ የምታክል ቦርድ ፕሮግራም ጭኖባት ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጠፋት። ሥራዋ ፍጥነቱ በምን ያህል እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ለክታ ወደ ስልኩ መላክ ነው። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ሲያዩ፣ ሊፍቱ ተገትሮ ቁጥሩ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ይላል።

«ቆሞ ይሮጣል እንዴ?»

«እትዬ፣ እሱ የመሬት ስበት ነው፤ ሁሌም አለ።»

«በኔ ሆቴል ማን ፈቅዶለት ነው የሚስበው?» ብለው ዘበኛውን ጠሩና ሊፍቱን በገመድ ከምሰሶ ጋር አሳሰሩት። ያው ዘጠኝ ነጥብ ስምንት! እዚያ እኛ የምንኖርበት ሕንጻ ሊፍት ከተበላሸ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ሽንኩርት ሲያሰጣበት፣ ቆሞ ይሮጣል ብሎ የጠረጠረው አለ?

ቴክኒሻኑ ሲጨንቀው ቦርዷን ነቅሎ ከደረጃው አናት ሆኖ ታች ያለው ሶፋ ላይ ለቀቃት። አየር ላይ ሳለች ስልኩ ዜሮ አለ።

«አዩ እትዬ? ዜሮ የምትለው ስትወድቅ ብቻ ነው።»

እትዬ ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይቻላል ማለት ነው! በል ነገ ጠዋት ሊፍቱን ዜሮ አድርግልኝ።»

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አንተም ፍራሽ ላይ ተጋድመህ ስትውል ለካ በቦርዷ ቋንቋ እየሮጥክ ነውና፣ ሰነፍ ያልኩህን አንስቻለሁ። ቴክኒሻኑ ዕቃውን ሰብስቦ በደረጃ እየወረደ ነው፤ እኔም ሻንጣዬን ተሸክሜ ከኋላው ነኝ።