ሰርቪስ የምትለዋ ቃል

አቃቂ፣ ሰኔ 1962 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም፣ ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደል፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። አለፍኩ!

«በዚህ ዕድሜሽ የማታ ትምህርት ምን ሊያደርግልሽ?» ብለሽኝ አልነበር? የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አቶ ወልደሚካኤል፣ አንድ ቃል መርጣችሁ ከየት እንደመጣ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰው እንዴት እንደሚናገረው ክፍሉ ፊት ቆማችሁ በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ ያላስረዳ አያልፍም አሉን። ስጽፍ አላፍርም፤ ሰው ፊት ልናገር ስል ግን ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ያኔም ትምህርቴን ያስጣለኝ ይኸው ነው።

«ሰርቪስ»ን መረጥኩ። ወደምሠራበት ፋብሪካ የሚወስደኝ አውቶቡስ ሰርቪስ፤ የምኖርባት የወይዘሮ አሰለፈች የጓሮ ክፍል ሰርቪስ፤ እናንተ ዘንድ ከጅቡቲ የሚገባው የሻይ ዕቃ ሰርቪስ፤ የሥራ ዘመኔም ሰርቪስ። ኑሮዬ ሁሉ በአንድ ቃል! ጠዋት ጠዋት ከሾፌሩ ከአቶ ተሰማ ኋላ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አጠናሁ። እሳቸው መንገዱን እያዩ ይነዳሉ።

ቀኑ ደረሰና ቆምኩ። የመጀመሪያው ቃል ጠፋኝ! ሁንዴ የሚባል ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ሰርቪሱ ጥሎሽ ሄደ እኮ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዞር ብዬ በመስኮት ባይ፣ ሠራተኛውን አድርሶ የተመለሰው ባዶ አውቶቡስ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የባቡር ሐዲድ ዳር ቆሟል፤ አቶ ተሰማ አንገታቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ። «የት ይሄዳል? እየጠበቀኝ ነው!» አልኩታ፣ ያውም በእንግሊዝኛ! ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይ አፍ በኩል እንግሊዝ አገር ገባ፤ ሥሩ «ባሪያ» ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሠራተኛዋን ከደጇ ይወስዳታል አልኳቸው። የእናንተ አገር ባቡር እያንባረቀ ሲያልፍ እንኳ አላቆምኩም፣ ከባቡሩ በላይ ጮኼ ጨረስኩ። ማጨብጨቡን የጀመረው ማን መሰለሽ? ራሱ ሁንዴ!

ስወጣ አቶ ተሰማ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ደጃፍ ያልደረሱት ሰው፣ «ሰርቪስ ኢዝ አን ኦልድ ወርድ» ብለው ጀመሩና ያልኩትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው አወረዱልኝ። ጠዋት ጠዋት ሲሰሙ ይዘውታል ለካ! ከዚያ የአውቶቡሱን በር ከፈቱልኝ፣ ገባሁ።

እንግዲህ እህቴ፣ በሚመጣው ባቡር የሻይ ሰርቪስ ላኪልኝ። ለብቻዬ አንድ ኩባያ ይበቃኛል ያልኩሽን እርሺው። ተሰማ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሚወድ ብቻ ገና አልጠየቅሁም።

እኔን እዚህ ያደረሰ አምላክ ልጆችሽም ሲያልፉ እልል ያሰኝሽ።

ምላሷ የተፈታላት ታላቅ እህትሽ