ሁለት ጆንያ የጓሮ አፈር

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 24

ውድ አባቴ ቄስ ዋለ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔና ታናሽ እህቴ ጸደንያ ደህና ነን። ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስደውል ስልክዎን አስናቀው ስለሚያነሳው ነው። ወንድሜ «ሃሎ» ሲል እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ስለ እኔ ለምን ዋሹ?

ይህን ቃል ለአባት፣ ያውም ለካህን መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። እርስዎ የሰሙት ከወንድሜ ሚስት ከበዛች አፍ ነውና።

ኅዳር ላይ በገበያ ቀን በዛችን ጎመን ዘርግታ አገኘኋት። ቅጠሉን ከሩቅ ለየሁት። ጠርዙ የተጨማደደ፣ አገዳው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ነፍሷን ይማርና የእማዬ ጎመን ነው። በዛችም አየችኝ።

«የዓለምዘርፍ! ነይ እስቲ ግዢኝ» አለችኝ። «ለአንቺማ ምርቃት እጨምርልሻለሁ። ቤተሰብ አይደለሽ?»

የእናቴን ጎመን፣ በምርቃት! ትቻት ሄድኩ። ቤት ስገባ ለጸደንያ «ከዛሬ ጀምሮ ጎመን አንገዛም፤ እንተክላለን» አልኳት።

«የት ላይ?» አለችኝ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ከእኔ ይልቅ አስባለች። የተከራየነው የእቴ ኡምኩልሱም ግቢ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። አፈር የሚታየው በክረምት የጫማችን ሶል ላይ ብቻ ነው። ቢሆንም እልህ ይዞኝ ነበር። ባለ ሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ ቀደድኩ። የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የቀለም ባልዲ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሰበሰብኩ። ጸደንያ ለጓደኞቿ «እህቴ ቆራሌው ሆናለች» እያለች ታወራ ነበር። አስፋልት ሊሠራ ከተቆለለው ቀይ አፈር አምጥቼ ሞላሁና ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት ዘራሁ። ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ውሃ ከቦኖ ተሸክመን ስለምናመጣ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ ብዬ የዕቃዎቹን ቂጥ አልበሳሁም።

ችግኙ በቀለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ረገፈ። ሰው በተጠማበት አገር የእኔ ጎመን ሰጥሞ ሞተ። አይሳቁብኝ፤ ወይም ይሳቁ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች «ሥርም ይተነፍሳል» እያልኩ በሰሌዳ ላይ ሥዕል የምስል የባዮሎጂ መምህርት ነኝ።

እቴ ኡምኩልሱም መጥተው ባልዲውን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ውሃ መግቢያ ኖሮት መውጫ ከሌለው ይሄ መቀበሪያ ነው እንጂ መትከያ አይደለም» አሉኝ። ሚስማር በእሳት አግለው ቂጡን በሱልኝ። ከዚያ አፈሩን በጣታቸው ፈትገው ሸተቱት። «ይሄም ለጡብ እንጂ ለጎመን አይሆንም። አመድና ፍግ የበላ የጓሮ አፈር አምጪ። አብሽሪ፣ ይበቅላል ኢንሻአላህ።»

አመድና ፍግ የበላ አፈር ሲሉኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው የታየኝ። እማዬ ሃያ ዓመት ሙሉ አመዷን በእንስራ ስባሪ እያሳደረች ያበላችው የቤታችን ጓሮ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት አህያ ተከራይቼ መጣሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ አስናቀው ከብት ሊሸጥ ወጥቷል። ጎመኑ ከተነሣበት ጥግ ሁለት ጆንያ ቆፍሬ ጫንኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ለምን እጠይቃለሁ? አህያውን ስነዳ በዛች ከውስጥ ወጣች።

«ኡኡ! አፈር ወሰደች! ያገር ሰው፣ አፈራችንን ይዛ ልትሄድ ነው!»

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአገራችን የሚካሰሱበትን መሬት አፈር ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «ለጠንቋይ ነው፤ የምስክር አፍ ሊያሳስር ነው» ይባላል። የካህን ልጅ ሆኜ፣ በዚያው ጓሮ አስናቀውን ከስሼ፣ በጠራራ ፀሐይ ያንኑ አደረግኩ። ጎመን ብቻ ነበር የታየኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጠራሁ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ካሳ መሐል ተቀምጠዋል፤ እርስዎ ከዳር፣ ዓይንዎ መሬት ላይ።

«አንቺ ልጅ፣ ተምራለች ይሉናል» አሉኝ ጋሽ ካሳ። «አፈሩ ለምንሽ ነው?»

«ጎመን ልተክልበት።»

«ከተማ ውስጥ? በምን ላይ?»

«በጀሪካን።»

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። «የቀረሽ ጫማሽ ውስጥ ሽንብራ መዝራት ነው!» አለ አንዱ።

በዛች ግን አልሳቀችም። «ጀሪካን ትላለች! የአማቴን አፍ ልታሳስር ነው እንጂ! ነገ ፍርድ ቤት ቆመው መናገር ቢያቅታቸው ማን ሊጠየቅ ነው?»

ጋሽ ካሳ ሳቃቸውን ዋጡ። «ማን ውሰጂ አለሽ?»

«ማንም» ልል አፌን ከፈትኩ። «የእናቴ ጓሮ ነው፤ ማንን ልጠይቅ?» ልል ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ። ቀና እንኳን ሳይሉ፣

«እኔ ነኝ። ውሰጂ ብያታለሁ» አሉ።

ካህን ከተናገረ በኋላ ማን ይናገራል? ተበተንን። አጠገቤ ሲያልፉ ቀስ ብለው «አመዱ ሳይበርድ እንዳትጨምሪው። እናትሽ ታሳድረው ነበር» አሉኝ። ክስ ከመሰረትኩ ወዲህ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው፣ ስለ አመድ።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ ብልዎ ውሸት ነው፤ ደክሞኝ ነበርና ተኛሁ። ለምን እንደዋሹ ግን ከነጋ በኋላ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መጀመሪያ «አባቴ ይወደኛል» ብዬ አለቀስኩ። ቀትር ላይ «የለም፣ የቄስ ልጅ ጠንቋይ ቤት ሄደች እንዳይባል ስሙን ጠብቆ ነው» አልኩ። ማታ ደግሞ «እንደዚያ ከሆነ የአመዱን ነገር ምን አመጣው?» አልኩ። በሦስተኛው ቀን አስናቀው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«አባባ ከጉድ አወጣሽ» አለኝ። «አሁን ተራው ያንቺ ነው። ክሱን አንሺ።»

«እሱ ነው የላከህ?»

«ላከኝ አልላከኝ ምን ለውጥ አለው?»

ለእኔ ለውጥ አለው፣ አባቴ! እሱን ለማወቅ ነው ሁለት ወር የተሰቃየሁት። ያ ቃል ስጦታ ነበር ወይስ ቀብድ?

እማዬ ልታርፍ ስትል ከአልጋዋ አጠገብ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «የእህሉን መሬት ተካፈሉት፤ ጓሮዬን ግን ለሴቶቹ» አለች። እርስዎ እጇን ይዘው «እሺ» አሉ። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ መሬቱ ከነጓሮው በአስናቀው ስም ሆኖ ቆየኝ። ስጠይቅዎ «አንቺ ደሞዝ አለሽ፤ እሱ ከመሬቱ ሌላ ምን አለው?» አሉኝ። የአስናቀው ድህነት ይገባኛል። የእማዬ ቃል ምን እንደበደለ ግን አልገባኝም። ጸደንያስ ደሞዝ አላት? አሁን ደግሞ «ሁሉንም ለወንዱ ልጅ ሰጥታ ነው ያረፈች» ብለው ይመሰክራሉ ተብሎ ስምዎ በምስክር ዝርዝሩ ላይ አለ።

የሚያምታታኝ ይህ ነው። እማዬ ሃያ ዓመት የለፋችበትን መሬት እውነቱን ተናግረው ማትረፍ ሲችሉ ዝም አሉ። ለሁለት ጆንያ አፈር ግን በመቅደሱ ደጅ ዋሹ። የትኛው ነው አባቴ? ዝም ያለው ወይስ የዋሸው?

አፈሩ ሠርቷል፤ ይወቁልኝ። አመዱን ሁለት ቀን አሳድሬ ነው የጨመርኩት። ጀሪካኑ ጎመን፣ ሳፋው ቆስጣ ሆኗል። ጆንያውን ጎኑን ሰንጥቄ በየስንጥቁ ተከልኩበት። ካሮቱ በባልዲው ውስጥ ቦታ አጥቶ ነው መሰለኝ ሁለት እግር አወጣ። እቴ ኡምኩልሱም አንዱን ነቅለው አዩትና «ወላሂ ይሄስ ሱሪ ያስፈልገዋል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጸደንያም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቅጠል ትቆጥራለች። ትናንት ለጾም ወጣችን የመጀመሪያውን ቀነጠስን። ስበላ ጣዕሙ የእማዬ ሆነብኝና ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም።

አንድ ጊዜ ጋሽ ካሳ ዘንድ ሄጄ «ማንም ውሰጂ አላለኝም፤ ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት» ልል ተነሥቼ ነበር። በውሸት ጥላ ሥር የበቀለ ጎመን አልበላም ብዬ። በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩ። እኔ ንጹሕ እሆናለሁ፤ ሠላሳ ዓመት መስቀል ያሳለሙት አባቴ ግን ሐሰተኛ ይባላሉ። ተናድጄብዎታለሁ፤ ያንን ያህል ግን አይደለም። ወይም ነው። እሱንም አላወቅኩም።

የማውቀውን ልንገርዎ። ክሱን አላነሣም። አስናቀው ቢመጣ፣ ሽማግሌ ቢመጣ፣ እርስዎ ራስዎ ቢመጡ አላነሣም። ያሉት ቃል ቀብድ ከሆነ ይህ ደብዳቤ የመለስኩበት ነው። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ገና አልሰጡኝም። «ውሰጂ ብያታለሁ» ያሉት ለጋሽ ካሳ ነው። ለእኔ አላሉኝም፤ አንድም ቀን። ቃሉ ውሸት የሆነው በዚህ ብቻ ነው፤ እውነት ለማድረግም ጊዜው አላለፈም።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ዳኛው ስምዎን ይጠራሉ። እኔ ከፊት ወንበር ላይ እሆናለሁ። ጀሪካኑን ከነጎመኑ ለእርስዎ ይዤ እመጣለሁ፤ ሰው ይሳቅ። ቢመሰክሩብኝም ይዘውት ይሂዱ፤ አፈሩ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። አፍዎን ግን ማንም አላሰረውም። በዛችም ትስማ፣ አስናቀውም ይስማ፤ ወደ እኔ ዞረው ያንን አንድ ቃል ይበሉኝ።

ክሷን ያላነሣች ልጅዎ፣
የዓለምዘርፍ ዋለ